ሚዛኑና የግፊት መለኪያው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይቀመጡ

ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ኦላንዛፒን የተባለውን መድኃኒት ጀምሮ ሦስት ወር ሲሞላው ጎረቤት የሚያየው ደስ የሚያሰኝ ለውጥ ነው። ሌሊት ይተኛል፣ ብቻውን ማውራቱን ትቷል፣ የጎደጎደው ጉንጩ ሞልቷል። «ተመስገን፣ ሰውነቱ ተመለሰ» ይባላል። ቤተሰቡ ያሳለፈው መከራ ሲታሰብ ምስጋናው ተገቢ ነው። የሚያሳስበው ሕክምና ቤቱም በዚያው ዓይን ሲያይ ነው። ሰውየው በሦስት ወር ስምንት ኪሎ ጨምሮ፣ ሆዱ ወጥቶ፣ የደም ስኳሩና ቅባቱ አብረው እየጨመሩ፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ተሽሎታል፣ መድኃኒቱ ይቀጥል» ብቻ ከሆነ ሕክምናው ግማሽ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙ ሰው ምክንያቱ ራስን ማጥፋት ብቻ ይመስለዋል። በበለጸጉት አገሮች ግን ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ታማሚዎችን ለ10 ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት ያገኘው ልዩነት ደግሞ 30 ዓመት ገደማ ነበር፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው። ይህን ይዞ «የልብ ነገር የሀብታም አገር ጉዳይ ነው» ማለት ለከተማችን ለሐዋሳ አይሠራም። እርሻ ላይ የሚውል የገጠር ሰውና ከቤት የማይወጣ፣ ቢወጣም በባጃጅ የሚሄድ፣ ለስላሳና ሲጋራ ከበሩ ላይ የሚያገኝ የከተማ ሰው ልባቸው እኩል አደጋ ላይ አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒቱ ላይ መጣልም ስህተት ነው። አንዳንድ ታማሚዎች ገና አንድ ክኒን ሳይውጡ የስኳር አጠቃቀማቸው ተዛብቶ ይገኛል። ሕመሙ ራሱ ተነሳሽነትን ይገድላል፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሲጋራውም ከሌላው ሕዝብ ይበዛል። በዚህ ላይ መድኃኒቱ ሲጨመር፣ በተለይ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን፣ ጥጋብን የሚያሳውቀውን የአንጎል ምልክት ስለሚያደክሙ ሰውየው በልቶ አይጠግብም። ክሎርፕሮማዚንም ያወፍራል፤ ሪስፔሪዶን መካከለኛ ነው፤ ሃሎፔሪዶል በዚህ በኩል ይሻላል። ሃሎፔሪዶል ሰውነትን ሲያገትር የሚታዘዘው አርቴን የተባለ መድኃኒት ግን አፍ ያደርቃል፤ ጥሙን ለማርካት የሚጠጣው ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለአስታማሚ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ርካሹና ቶሎ ውጤት የሚያሳየው ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ውኃ ይሁን።

ጫቱ ተለይቶ መነሳት አለበት። ከወንዶ የሚመጣው ጫት በከተማችን ከሰዓት በኋላ በየቤቱ አለ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ ድምፅ መስማቱንም ይቀሰቅሳል፤ ብቻውንም አይመጣም፤ ከጎኑ ሲጋራ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ አሉ፣ ማታ ደግሞ መጠጥ ይከተላል። «ጫቱን ቀንስ» ብቻ ብሎ ማሰናበት አይበቃም፤ ያንን ሰዓት በምን ይሙላው? ፍቅር ሐይቅ ዳር ግማሽ ሰዓት መራመድ አንዱ መልስ ነው፤ ሰውየው ብቻውን ስለማይነሳ ግን አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ታማሚው መድኃኒት ለመውሰድ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይመጣል። ሚዛን፣ ሜትርና የግፊት መለኪያ መቀመጥ ያለባቸው እሱ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። «ለግፊቱ ተመላላሽ ክፍል ሂድ፣ ለስኳሩ ላብራቶሪ» የተባለ ሰው፣ ሰልፍና ግርግር የማይችል ሰው፣ በአብዛኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአሜሪካ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ገና ሲጀመር ግፊት ከነበረባቸው የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች 62 በመቶው፣ ስኳር ከነበረባቸው 30 በመቶው፣ የደም ቅባት ችግር ከነበረባቸው 88 በመቶው ምንም ሕክምና አልጀመሩም ነበር። ላብራቶሪና ሐኪም በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እዚህ ክፍል ለክፍል ማመላለስ የት ያደርሳል?

መድኃኒቱ ሲጀመር ኪሎ፣ ወገብ፣ ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ይመዘገባሉ። ኪሎው በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ፤ ግፊትና ስኳሩ በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ። ክብደት በፍጥነት የሚጨምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ «ዓመት ሲሞላው እናየዋለን» ማለት ዘግይቶ መድረስ ነው። ከመነሻው 5 በመቶ መጨመር፣ ለ60 ኪሎ ሰው 3 ኪሎ፣ ሐኪሙን ሊያስቆመው ይገባል።

አለካኩ ላይ ብዙ ይበላሻል። ጋቢና ጫማ እንደለበሱ የተመዘነ ኪሎ ከሚቀጥለው ወር ጋር አይነጻጸርም። ግፊት የሚለካው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ክንዱ ተደግፎ፣ ከእጅጌ ላይ ሳይሆን ከቆዳ ላይ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና ወይም ሲጋራ ከነበረ ቁጥሩ አይታመንም። የወፈረ ክንድ ላይ የሚጠበው መጠቅለያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የወገብ ሜትር የሚያልፈው ከታችኛው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መካከል ነው፤ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ነው። ለስኳር ስምንት ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ከበንሳ በሌሊት ተነስቶ ለሚመጣ ታማሚ ባዶ ሆድ ትልቅ ጣጣ ስለሆነ፣ መጾም የማይጠይቀው፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ ካለ እሱ ይሻላል።

ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ መፍትሔ አይደለም። ይህን ቤተሰብ ሁሉ ሊሰማው ይገባል። በፊንላንድ ከ62 ሺህ በላይ ታማሚዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው መድኃኒት በሚወሰድበት ጊዜ በልብ በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር መድኃኒት ከማይወሰድበት ጊዜ ያነሰ ነው። ሐኪሙ ክብደት ወደማይጨምር መድኃኒት ቀስ ብሎ ሊቀይር፣ ወይም ኩላሊቱን አይቶ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ሊጨምር ይችላል። ሜትፎርሚን ርካሽ ነው፣ ከምግብ ጋር በትንሽ መጠን ይጀመራል፣ በአማካይ ሦስት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰውም ቀድሞ ይናገር፤ ጭሱ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒንን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወጣ፣ ሲጋራው ሲቆም የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ይወጣልና መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሐዋሳ የወባ አካባቢ ነው። ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ እንዲሁም ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ሁሉም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የማዘግየት ባሕርይ አላቸው፤ ሲደራረቡ አደገኛ የምት መዛባት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የወባው ሕክምና ይቅር ማለት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የአእምሮ መድኃኒቱን ስም መናገር፣ ራስን ስቶ መውደቅ ወይም ኃይለኛ የልብ ምት ካለ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) መጠየቅ ነው። ክሎዛፒን በጀመረ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትኩሳት፣ የደረት ሕመምና ፈጣን ምት ከታዩ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የልብ ጡንቻ መቆጣት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል።

ድንገተኛ ክፍሉ ላይም የሚታረም ነገር አለ። «ደረቴን አመመኝ» ያለ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ «ጭንቀቱ ነው» ተብሎ እንዳይመለስ። ከነሱ አንዳንዱ ሕመምን ከሌላው ሰው ቀለል አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ሲናገር ኢሲጂው ቶሎ መነሳት አለበት።

የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ አንጠይቅም። በየአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ሚዛን፣ ሜትርና ሁለት ዓይነት መጠቅለያ ያለው የግፊት መለኪያ ይግባ፤ የክትትል ካርዱ ላይ የኪሎ፣ የወገብ፣ የግፊትና የስኳር ዓምድ ይጨመር፤ የሳይካትሪ ነርሱ 140/90 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲያይ እዚያው ክፍል ሐኪም ጠርቶ ሕክምና የሚያስጀምርበት ሥርዓት ይኑር። ለቁጥጥር የሚመጣ ቡድንም ካርዶቹን አውጥቶ ዓምዶቹ ተሞልተው እንደሆነ ይይ።