ከእንግዳው ዝና በፊት ሁለተኛው ጥያቄ

በሐዋሳ ሂፕ ሆፕ የሚከታተሉ ወጣቶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጁስ ቤቶች አንሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ክፍሎች ድረስ፣ የማይበርድ ክርክር አለ። ከአሜሪካ የሂፕ ሆፕ የቃለ መጠይቅ ዝግጅቶች የትኛው ይበልጣል፣ የትኛው አቅራቢ ይሻላል፣ የትኛው እንግዳስ ወንበሩን አሞቀው የሚል ነው። አንዱ ወገን ለድሪንክ ቻምፕስ ይሟገታል፤ ሌላው ከብሬክፋስት ክለብ ወዲያ የለም ይላል፤ ከራፐርነት ወደ ፖድካስት አቅራቢነት የዞረውን ጆ በደንን በሙሉ ልቡ የሚጠላ ሆኖ አንድም ክፍል የማያመልጠውም አይጠፋም። የሚከራከሩት ግን በአብዛኛው ዝግጅቱን ሙሉውን ያዩ ሰዎች አይደሉም። ሦስትና አራት ሰዓት የሚዘልቅ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ ማየት ኪስ ስለሚጎዳ፣ በሌሊት ፓኬጅ አውርደው በቴሌግራም ከሚያካፍሉት ጥቂቶች በስተቀር ብዙኃኑ የሚያውቀው በቲክቶክ የሚዞረውን የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ደግሞ ሁልጊዜ እንግዳው የተቆጣበት፣ ያለቀሰበት ወይም የሰው ስም ያነሣበት ቅጽበት ነው። ክርክራችን በእንግዳው ዝናና በጠቡ ግለት ዙሪያ ተገድቦ የቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ አቅራቢን የምመዝነው ባመጣው እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ሲያበቃ በሚያስከትለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ድሪንክ ቻምፕስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከኒው ዮርክ ኩዊንስ የወጣው ራፐር ኖሪና የማያሚው ዲጄ ኢኤፍኤን በሂፕ ሆፕ ታሪክ ስም ያላቸውን ሰዎች ጠርተው፣ ጠርሙስ ከፍተው፣ ለሰዓት ሳይጨነቁ ያጫውቷቸዋል፤ ዓላማቸውም ባለውለታዎቹ በሕይወት እያሉ እንዲመሰገኑ ነው። ሰው ካረፈ በኋላ በመታሰቢያ ፕሮግራም ማወደስ ለሚቀናን ለእኛ ይህ ዓላማ የሚያስቀና ነው። ኖሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ከጓደኛው ከካፖን ጋር ባወጣው አልበም የታወቀ ሰው በመሆኑ፣ እንግዳው ፊቱ የተቀመጠው ጋዜጠኛ ሳይሆን የሙያ ባልደረባው እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህም በዚያ ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ ማን እንደነበረ፣ የትኛው ስንኝ በማን ላይ እንደተወረወረ፣ የትኛው ውል እንዳከሠረው ለሬዲዮ ጣቢያ የማይናገረውን ሁሉ ይዘረግፋል። ደጋፊዎቹ «ኖሪ ሰው ማናገር ይችላል» ሲሉ የተሳሳቱ አይደሉም።

ይሁን እንጂ አፍ የሚያስከፍተው ወዳጅነት ጊዜው ሲደርስ የአቅራቢውን አፍ ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ካንዬ ዌስት በዚሁ ዝግጅት ላይ ቀርቦ የጆርጅ ፍሎይድን አሟሟት በተመለከተ ፍርድ ቤት ካረጋገጠው እውነት ጋር የሚጋጭ ነገር ተናገረ። ፍሎይድን አንገቱ ላይ ተንበርክኮ የገደለው ፖሊስ ደሬክ ሾቪን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ከተባለ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አልፎ ነበር፤ ነገሩ በዓለም ፊት የታየና በማስረጃ የተዘጋ ነው። በዚያው ዝግጅት በአይሁዳውያን ላይም ክፉ ቃል ተነገረ። ከቀናት በኋላ ቪዲዮው ከዩቲዩብ ተነሣ፣ የፍሎይድ ቤተሰብ በ250 ሚሊዮን ዶላር ክስ እንደሚመሠርት አስታወቀ፣ ኖሪም በብሬክፋስት ክለብ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በማብራሪያው ላይ እንግዳውን ስለ ፍሎይድ በተናገረው ነገር እንደሞገተው፣ ይህ የሆነው ግን መጠጡ ከገፋና ዝግጅቱ ከተራዘመ በኋላ መሆኑን ገልጿል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መዘግየት ነው። እንግዳው ሐሰት ሲናገር ወዲያውኑ «ይህንን ከየት አመጣኸው? ፍርድ ቤቱ እኮ እንዲህ ብሏል» የሚል ሰው በአጠገቡ አልነበረም፤ ዘግይቶ የሚመጣ ተቃውሞ ደግሞ ቁራጩን ብቻ ለሚያየው የሐዋሳ ልጅ ከነጭራሹ አይደርሰውም። ሁለተኛው ጥያቄ ቦታው ላይ ካልተጠየቀ ያልተጠየቀ ያህል ነው።

እዚህ ላይ የብሬክፋስት ክለብ ወገኖች ደረታቸውን ይነፋሉ፤ አቅራቢው ቻርለማኝ ማንንም አይፈራምና። ዝግጅቱ ከእ.ኤ.አ. 2010 መጨረሻ ጀምሮ ከኒው ዮርኩ ፓወር 105.1 ሬዲዮ ሲተላለፍ የቆየ የጠዋት ፕሮግራም ሲሆን፣ አንጄላ ዪ እስከ 2022 ድረስ ከቻርለማኝና ከዲጄ ኤንቪ ጋር አብራ አቅርባዋለች። የሐዋሳ አድናቂዎች በጣም የሚወዱት ቁራጭ ራፐሩ በርድማን እ.ኤ.አ. በ2016 ገብቶ፣ ስሙን በአክብሮት እንዲጠሩ አስጠንቅቆ፣ ገና ሳይቀመጥ ሊባል በሚችል ፍጥነት ወጥቶ የሄደበት ነው። እኔ ግን ይህንን የአቅራቢ ጀግንነት ለማለት ይከብደኛል። በርድማን ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ የመሠረተ ሰው ነው፤ ስለ አርቲስቶቹ ክፍያ የሚቀርብበት ወቀሳም በወቅቱ አደባባይ የወጣ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጉዳይ አንዱም ሳይጠየቅ ተለያዩ። ሳቁ ቀረ፣ መልሱ ቀረ።

የዚያው የቻርለማኝ ትክክለኛ ችሎታ የታየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ጆ ባይደን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በዝግጅቱ ቀርበው፣ በእሳቸውና በትራምፕ መካከል ለመምረጥ የሚቸገር ሰው ጥቁር አይደለም የሚል ንግግር ከአፋቸው አመለጠ። አቅራቢው አልጮኸም፣ አልሳቀም፤ ጉዳዩ ከትራምፕ ጋር የተያያዘ ሳይሆን ለማኅበረሰቤ አንድ ነገር ስለምፈልግ ነው ብሎ በእርጋታ ወደ ጥያቄው መለሳቸው። ባይደን በዚያው ዕለት ንግግራቸው ግዴለሽነት የተሞላበት እንደነበር አምነው መጸጸታቸውን ገለጹ። ይህ ቁራጭ ከበርድማን ቁራጭ ጋር ሲነጻጸር በእኛ ሰፈር የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ እጅግም አያስቅማ።

ጆ በደንን በተመለከተ ብዙ አልልም። አድናቂዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተባባሪ አቅራቢዎቹ ከሮሪና ከማል ጋር ሲለያይ ለሁለት ተከፍለው እስካሁን አልታረቁም። በ2020 ዝግጅቱን ያሰራጭ ከነበረው ከስፖቲፋይ የወጣው የሚገባኝ ዋጋ አልተሰጠኝም በሚል ነበር፤ በዓመቱ ደግሞ የራሱ ተባባሪ አቅራቢዎች የገቢው ሒሳብ በግልጽ እንዲታይ ሲጠይቁ ሮሪን በስርጭት ላይ አሰናበተው። ወዳጅነትን ሸቀጥ አድርጎ የሚሸጥ ዝግጅት ገንዘብ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለማየት ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

በእኛ ክርክር ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሣው፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ መነሣት የነበረበት ሰው ኮምባት ጃክ ነው። ትክክለኛ ስሙ ረጂ ኦሴ ነበር፤ ወላጆቹ ከሄይቲ የመጡ የብሩክሊን ልጅ ሲሆን፣ አቅራቢ ከመሆኑ በፊት በሙዚቃው ዓለም በጠበቃነት ሠርቷል። ዝግጅቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ፖድካስት የሚለው ነገር ገና የጥቂቶች በነበረበት ዘመን ነው፤ በ2017 በካንሰር ሕይወቱ እስካለፈበት ጊዜ ድረስም አልተወውም። እሱም ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ የእንግዳውን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወድ መሆኑን አይደብቅም። ልዩነቱ ውል ማንበብ የሚያውቅ መሆኑ ነው። እንግዳው «ኩባንያው በላኝ» ሲለው፣ ቅድሚያ ክፍያው ከምን ላይ እንደሚታሰብ፣ የዜማው መብት በማን እጅ እንደቀረ፣ ዋናው ቅጂ የማን እንደሆነ እያነሣ ነገሩን ወደ ዝርዝሩ ይወስደዋል። እንግዳው ያን ጊዜ ምሬቱን ትቶ ያስረዳል፤ አድማጩም ከምሬት ይልቅ አሠራር ይማራል። ዛሬ በሐዋሳ ራፕ የሚጽፍ ወጣት ስለ ሙዚቃ ንግድ በነጻ መማር ከፈለገ፣ የራፐሮችን ጠብ ከሚያሳዩት መቶ ቁራጮች ይልቅ ከእነዚህ ቆየት ካሉ ቅጂዎች አንዱን ሙሉውን ቢያዳምጥ ይበጀዋል።

የጥያቄና የመልስ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ የሚያስታውስ ሌላም ጉዳይ አለ። ራፐሩ ቱፓክ ሻኩር ላስ ቬጋስ ውስጥ ከተገደለበት ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ማንም ሳይከሰስ 27 ዓመት ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2023 «ኬፊ ዲ» በሚል ስም የሚታወቀው ዱዌይን ዴቪስ ተይዞ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕግ ከተመረኮዘባቸው ነገሮች መካከል ሰውየው ራሱ በመጽሐፉና በተለያዩ ቃለ መጠይቆች የተናገራቸው ቃላት ይገኙበታል። ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል፤ ስለዚህ ስለ ጥፋተኝነቱ እኔም አንባቢዬም የምንለው የለንም። ነገር ግን ለዓመታት እነዚያን ቪዲዮዎች ለመዝናኛ ያየን ሰዎች፣ ሰውን ስለ ግድያ ለተመልካች ቁጥር ሲባል ማናዘዝ ቃለ መጠይቅ ነው ወይስ ሌላ ነገር ብለን አለመጠየቃችን ያስገርማል። አቅራቢው ለእንግዳውም ኃላፊነት አለበት፤ ብዙዎቻችን ይህን የምናስታውሰው እንግዳው የራሳችን ሰፈር ልጅ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው በሩቁ የአሜሪካ ዝግጅቶች ለመፍረድ ብዬ አይደለም፤ በሐዋሳም በስልክና በሁለት ማይክ ተመሳሳይ ዝግጅት የሚጀምሩ ወጣቶች እየታዩ ስለሆነ ነው። ጥረታቸው የሚበረታታ ነው። የወሰዱት ግን ውጫዊውን ነገር ይመስለኛል። የኒዮን መብራቱ አለ፣ ኮፍያው አለ፣ የሦስት ሰዓቱ ርዝመት አለ፣ መሣሣቁ አለ፤ ከካሜራው በፊት የሚደረገው ዝግጅት ግን የለም። የሚጠየቀው ያው ከሬዲዮ የወረስነው ነው፤ «እስቲ ስለ ልጅነትህ አጫውተን»፣ «ወደ ሙዚቃ እንዴት ገባህ?»፣ «ለአድናቂዎችህ የምታስተላልፈው መልእክት ካለ?»፣ በመጨረሻም «ማመስገን የምትፈልገው ሰው ካለ ዕድሉን ልስጥህ»። ራፐሩ እናቱን፣ ፈጣሪውንና ስቱዲዮውን አመስግኖ ይወጣል። ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል የአማርኛ ራፕን ለብዙኃኑ ጆሮ ካደረሱበት ጊዜ ወዲህ ሙዚቃው ርቆ ሲሄድ ጠያቂው እዚያው ቆሟል።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም፤ ይሉኝታም አለበት። እንግዳው በዕድሜ ከፍ ካለ «ጋሼ» ተብሎ ይጠራል፤ ጋሼ ደግሞ የተናገሩትን መልሶ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል። እኩያ ከሆነ ደግሞ ነገ በአንድ መድረክ አብሮ የሚሠራ ወዳጅ ስለሆነ ማስቀየም አይፈለግም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ዛሬ ያስቆጡትን ሰው ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ያገኙታል። ሆኖም ክብርና ጠንካራ ጥያቄ አብረው አይሄዱም የሚለው ሐሳብ የእኛ ባህል ነው ብዬ አልቀበልም። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎች በዳኛና በሕዝብ ፊት ቆመው፣ ነገር በምሳሌና በተመጠነ ቃል እያሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ይዞ «ተጠየቅ» እያለ ይሞግት ነበር። ቃል አምልጦ አይታለፍም፤ የተባለው ተይዞ ይመለሳል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሥርዓቱ አይጓደልም። የአንድ ጥሩ አቅራቢ ሥራ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይደለም፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቅድም እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ መጀመር ማንንም አያዋርድም።

ደግሞስ ለሐዋሳ እንግዳ የሚጠየቅ ነገር ጠፍቶ ነው? በሲዳምኛ ራፕ የሚሠራ ልጅ አማርኛውን ትቶ ነው ወይስ ጨምሮ? ስንኙን ሲገጥም የቋንቋው ምት ከተለመደው ቢት (ራፕ ከሚባልበት ማጀቢያ ሙዚቃ) ጋር የት ላይ ይጋጭበታል? በተለይ ስለ ቢቱ ብዙ የሚነገር አለ። አብዛኛው ጀማሪ ቢቱን የሚያገኘው ከዩቲዩብ ነው፤ ከአንድ ታዋቂ ራፐር ስልት ጋር እንዲመሳሰል ተሠርቶ የተለቀቀ ቢት አውርዶ ድምፁን ይቀዳበታል። አብዛኞቹ እነዚህ ቢቶች ግን በነጻ የተሰጡ አይደሉም፤ የሚከራዩ ናቸው፤ ኪራዩም ዘፈኑ ስንት ጊዜ እስኪደመጥ እንደሚያገለግል ይወስናል። ሳይከፈልበት የተሠራ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ባለቤቱ ይገባኛል ይላል፤ የማስታወቂያውም ገቢ ወደ ባለቤቱ ሊሄድ ይችላል። ራፐሩ መቶ ሺህ ተመልካች አገኘሁ ብሎ በፖድካስት ሲፎክር «ከዚህ ውስጥ ለአንተ ስንት ደረሰህ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጨዋታውን ሁሉ ይለውጠዋል።

በአገራችን ሕግ በኩልም ቢሆን ጠያቂው መሠረት አያጣም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው ለየራሳቸው መብት ይሰጣል፤ የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። አዋጁን አንብቦ የገባ አቅራቢ፣ ቢቱን የሠራው ልጅ ስሙ ቪዲዮው ላይ ለምን እንዳልተጻፈ መጠየቅ ይችላል። ከዚያም አልፎ ያንን ልጅ ራሱን ሊጋብዘው ይችላል። የሐዋሳ አድናቂዎች ቀጣዩ እንግዳ ማን ይሁን እያሉ ሲከራከሩ የቢት ሠሪ፣ የድምፅ ቀጂ ወይም የሠርግ ዲጄ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ዘፈኑ በስንት ብር እንደተሠራ፣ ማን እንደተከፈለና ማን «ቆይ ሲሠራ እሰጥሃለሁ» ተብሎ እንደቀረ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።