«ጎበዞች ናቸው፣ ፎርሙላውን ብቻ ስጣቸው»

እስቲ ይቺን አባባል መጀመሪያ ያመጣት ማነው? «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጎበዞች አይደሉ? ማክሮውን ፎርሙላ ፎርሙላውን ስጣቸውና ወርክሺት ይሥሩ፤ የቀረውን ራሳቸው ያነቡታል።» ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ዓለም ከተማ ኢኮኖሚክስ ይዞ ክፍል የሚገባ ሰው ይህንን ሳይሰማ ዓመቱ አይዞርም። የሚመጣውም ሚያዝያ ላይ ነው፤ ፖርሽኑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሞዴል ፈተናው ደርሶ። ተናጋሪው ደግሞ ሁሌም ማክሮ (የአገርን ጥቅል ኢኮኖሚ የሚያየውን የትምህርቱን ክፍል) አስተምሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ማክሮ ላይ ሰነፉ ተማሪ አያስቸግርም። አልገባኝም ይልሃል፣ ትደግምለታለህ፣ አበቃ። መከራው ጎበዙ ነው። ጎበዙ የጂዲፒን (አገር ውስጥ በዓመት የተመረተውን ዕቃና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ) ፎርሙላ፣ «ፍጆታ ሲደመር ኢንቨስትመንት ሲደመር የመንግሥት ወጪ ሲደመር የተጣራ ኤክስፖርት» የሚለውን መስከረም ላይ ሸምድዶ ጨርሷል። ያለፉትን የማትሪክ ጥያቄዎች ከቴሌግራም አውርዶ መልሳቸውን በፊደል ያውቃቸዋል፤ ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ «ሐ ነው» ይልሃል። የገባው ስለሚመስለው አይጠይቅም፤ ስለማይጠይቅም የቱ ጋ እንደተሳሳተ ሳይታወቅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

ከጂዲፒ እንጀምር። አንድ የመንዝ ገበሬ 20 ኩንታል ገብስ አገኘ። 5ቱን ሸጠ፣ 15ቱን ከቤተሰቡ ጋር በላ። (ለዘር የሚያስቀረውን ለጊዜው እንርሳው፤ ዘር ግብዓት ነው፣ ተቀናሽ ነው።) ጂዲፒ ውስጥ የሚገባው ስንቱ ነው? ጎበዙ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣና «አምስቱ» ይላል። ለምን? ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳው ሃንድአውት «ለገበያ ያልቀረበ ምርት አይቆጠርም» ስለሚል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ሰው ጓሮው ውስጥ ለመዝናኛ ሦስት ቲማቲም ለሚተክልበት አገር ነው፤ እዚያ ቢቆጠርም ባይቆጠርም ለውጥ የለውም። እዚህ ግን ትክክለኛው መልስ 20ው ሁሉ ነው። በዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት መሠረት ቤተሰብ ለራሱ ያመረተው ዕቃ በገበያ ዋጋ ተገምቶ ይገባል። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ግማሹ መንዝ በወረቀት ላይ ጾሙን የሚያድር በሆነ ነበር።

ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚጣፍጠው። አንዲት እናት ኩበት ጠፈጠፈች፣ ከምንጭ ውኃ ቀዳች፣ ለቤት ጠላ ጠመቀች፣ ወጥ ሠራች፣ ልጅ አጠበች። የቱ ይቆጠራል? ኩበቱ፣ ውኃው፣ ጠላው በመርህ ደረጃ ይቆጠራሉ፤ ዕቃ ናቸው። ወጥ መሥራቷና ልጅ ማጠቧ አይቆጠሩም፤ ለቤተሰብ በነፃ የተሰጠ አገልግሎት ነው። ያንኑ ወጥ ተቀጥራ በደመወዝ ብትሠራው ደግሞ ይቆጠራል። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት ዓምድ ጽፈህ «መስመሩ እዚህ ጋ ለምን ተሰመረ?» ብለህ ዝም በል። አንድ ፔሬድ ሙሉ ይከራከሩልሃል፣ በተለይ ሴቶቹ። ይህ ነው እንግዲህ «ራሳቸው ያነቡታል» የሚባለው! የት መጽሐፍ ላይ?

ድርብ ቆጠራውም (አንዱን ምርት ደጋግሞ መቁጠር) እንደዚሁ ነው። ወርክሺቱ «ስንዴ፣ ዱቄት፣ ዳቦ» ብሎ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ልጁ የመጨረሻዋን ያከብባታል፣ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ደብረ ሲና ላይ ለመንገደኛ በሚሸጠው ቆሎ ሥሩት። ገበሬው ገብሱን ለነጋዴ በ1,000 ብር ሸጠ፤ ነጋዴው ለቆሎ ቆይዋ በ1,250፤ እሷ ቆልታ ለመንገደኛ በ1,800። ማገዶውን ተዉትና፣ ሽያጩ ሁሉ ቢደመር 4,050 ይመጣል፤ ገብሱ ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ። እያንዳንዱ የጨመረው ግን 1,000፣ 250 እና 550 ነው፤ ድምሩ 1,800፣ ልክ የቆሎው የመጨረሻ ዋጋ። ቁጥሮቹን ልጆቹ ራሳቸው ይቀያይሩ፤ ሦስት ጊዜ ቀያይረው ሦስቱንም ጊዜ እኩል ሲመጣ ያኔ ይገባቸዋል።

ሌላው ጉድ ቃሉ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ልጁ የሚያስበው ደግሞ በሰፈር አማርኛ። ደብረ ብርሃን ውስጥ «ኢንቨስትመንት» ማለት በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ማክሮ ውስጥ አይደለም። የተገዛ መሬት ኢንቨስትመንት አይደለም፣ የተገዛ አክሲዮን አይደለም፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ቤት መግዛትም አይደለም፤ ከዚያ ግዢ ጂዲፒ የሚያገኘው የደላላውን ኮሚሽን ነው። (ቆርቆሮ አጥሩ ግን አዲስ ከሆነ ይቆጠራል። ስቃችሁ ዕለፉ።) በአንጻሩ ዘንድሮ ታጭዶ ሳይሸጥ ጎተራ የገባው እህል ኢንቨስትመንት ነው፤ የክምችት ጭማሪ። ለከርሞ ወጥቶ ሲበላ ፍጆታ በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ክምችት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የዚያ ዓመት ጂዲፒ አይነቃነቅም። የጡረታ አበልም የመንግሥት ወጪ ውስጥ አይገባም፤ የመምህር ደመወዝ ይገባል። ያችው ትንሿ ደመወዝ።

አሁን ደም ወደሚያፈላው። የተለወጠውን ምርት ከተለወጠው ዋጋ መለየት። ሁለት ዕቃ ብቻ ያላት አገር እንውሰድ። አምና 100 ኩንታል ገብስ፣ ኩንታሉ በ4,000 ብር፣ 20 በግ፣ አንዱ በ6,000 ብር፤ ድምር 520,000። ዘንድሮ 102 ኩንታል በ5,000፣ 20 በግ በ8,000፤ ድምር 670,000። በስሙ (በየዓመቱ ዋጋ ሲሰላ) 28.8 በመቶ አደገ። በአምናው ዋጋ ሲሰላ ግን ዘንድሮ 528,000 ነው፤ እውነተኛው ዕድገት 1.5 በመቶ። 670,000ን ለ528,000 አካፍለህ በ100 ስታባዛ 126.9 ይመጣል፤ ዋጋው በ26.9 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው።

እስከዚህ ሁሉም ይሠራዋል። ጎበዙ ግን አቋራጭ አለው፦ «ከ28.8 ላይ 26.9 መቀነስ ነዋ፣ 1.9።» አይደለም! መቀነስ የሚሠራው ግሽበት ሁለት ሦስት በመቶ በሆነበት አገር ነው፤ እዚያ ስህተቱ አይታይም። ግሽበት ሃያ ቤት ሲገባ ማካፈል ግድ ነው፤ 1.288 ለ1.269። በወለድ ሲሆን ጭራሽ ይብሳል። ባንክ 7 በመቶ ቢከፍል፣ ግሽበት 20 በመቶ ቢሆን፣ በመቀነስ 13 በመቶ ከሰርክ ይልሃል፤ በማካፈል (1.07 ለ1.20) የሚመጣው 10.8 ነው። ፎርሙላውን ብቻ ስጣቸው ማለት ይኼ ነው፤ የማን አገር ፎርሙላ እንደሆነ ሳይነገራቸው።

የብሩም ነገር ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። 114 ብር ሲደርስ ብር በስንት በመቶ ወደቀ? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መቶ በመቶ!» ይላል። ብር መቶ በመቶ ከወደቀ ዋጋው ዜሮ ነው፣ ወገን። ዶላር በ100 በመቶ ተወደደ፣ ብር በ50 በመቶ ረከሰ። ከዚያ ቀጥሎ መጽሐፉ «የምንዛሪ ቅነሳ ኤክስፖርትን ያበረታታል» ብሎ ያልፋል። ለቆላው ማሾ አምራች ይሁን እሺ። ማዳበሪያና ነዳጅስ? ስለተወደዱ አይተዉም፤ ስለዚህ ግራፉ ላይ ጥቅል ፍላጎት (የአገሩ ምርት ገዢ ሁሉ ፍላጎት) በኤክስፖርት በኩል ወደ ቀኝ ሲሄድ፣ ማለትም ሲጨምር፣ ጥቅል አቅርቦት (የአምራቹ ሁሉ) በወጪ በኩል ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይቀንሳል። ዋጋ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነህ፤ ምርት ግን እንደ ሁለቱ ጉልበት ነው። የምርጫ ጥያቄ ይህን አይወድም፣ አንድ ፊደል ነው የሚፈልገው።

«ግሽበት ወረደ» የሚለው ዜና ሲነገር ደግሞ ልጁ ቤቱ ይገባል፤ እናቱ «ውሸታቸውን ነው፣ የምንጃር ጤፍ ትናንትም ጨመረ» ትላለች፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ያን ያህል ኢኮኖሚክስ ተምሮ! ኩንታሉ 10,000 የነበረ 13,000 ከገባ 30 በመቶ ነው፤ ከ13,000 ወደ 14,300 ሲሄድ 10 በመቶ ነው። ግሽበቱ ከ30 ወደ 10 ወረደ፣ ጤፉ ግን 1,300 ብር ጨመረ። የወረደው የመኪናው ፍጥነት ነው፣ መኪናው ወደ ኋላ አልተመለሰም። እናትየውም ልክ ናት፣ ዜናውም ልክ ነው። በዚያ ላይ የጤፍ ብቻ መወደድ ግሽበት አይባልም፤ ሰው የሚገዛው የዕቃና የአገልግሎት ቅርጫት ሙሉ ሲመዘን ነው።

ግራፉ ላይ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ጥፋቱ የእኛም ነው። በችኮላ ሁለት መስመር እንሰምርና ቋሚው ላይ «ዋጋ»፣ አግድሙ ላይ «መጠን» ብለን እንጽፋለን። በቃ፣ አበላሸነው። ቋሚው «የዋጋ ደረጃ»፣ አግድሙ «እውነተኛ ጂዲፒ» ካልተባለ ልጁ ቀድሞ የተማረውን የአንድ ዕቃ የፍላጎት መስመር አንስቶ ይመጣል። ጥቅል ፍላጎት ቁልቁል የሚወርደው ለምንድነው ስትለው «ሲረክስ ሰው ብዙ ስለሚገዛ» ይላል። ከምን አንጻር ነው የረከሰው? ሁሉም ዋጋ አብሮ ወርዶ! የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲወደድ ሰው ወደ ሌላ ይዞራል፣ አገር ግን ከአገር ዋጋ ወዴት ይዞራል? ምክንያቶቹ ሌሎች ናቸው፦ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ የመግዛት አቅም፣ ወለድ፣ የውጭ ንግድ። ስለዚህ ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ይሣሉ፤ ግራው የሽንኩርት፣ ቀኙ የአገር። ባለቀለም ጠመኔ ከሌለ አዲሱን መስመር በነጠብጣብ። የጣርማ በር መንገድ ቢዘጋ ምን ይሆናል ሲባልም መጀመሪያ የተመታው ገዢው ነው ወይስ አቅራቢው ብሎ መለየት፣ ከዚያ አቅጣጫ፣ ከዚያ ዋጋ፣ በመጨረሻ ምርት። በዚህ ቅደም ተከተል። ቀስቱን ሳያሰምሩ መልስ የሚጠሩትን ዝም አስብሏቸው።

መልቲፕላየርን (አንድ ብር ወጪ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ በጠቅላላ ስንት ብር ገቢ እንደሚፈጥር የሚያሳየውን ማባዣ) ለጎበዝ ማስተማር ደግሞ በ15 ደቂቃ ያልቃል፣ ሰው ግን አይሞክረውም። አሥር ልጅ አሰልፍ፣ ለመጀመሪያው «1,000 ብር» የተጻፈበት ወረቀት ስጠው፣ እያንዳንዱ 80 በመቶውን ያሳልፍ፦ 800፣ 640፣ 512 እያለ አሥረኛው ጋ ሲደርስ ድምሩ 4,463 ገደማ ነው፤ ወደ 5,000 እየሄደ። ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ እንደገና አስጀምር፤ አሁን እያንዳንዱ ከሚያገኘው 15 በመቶ ግብር ይከፍላል፣ ከቀረው 80 በመቶውን ያወጣል፣ ከወጪው ውስጥ የገቢውን 20 በመቶ የሚያህል ለውጭ ዕቃ ይሄዳል። 1,000 ብር ሲገባ 480 ብቻ ያልፋል። 480፣ 230፣ 111፣ 53... አምስተኛው ልጅ ጋ ወረቀቷ ሞተች። አምስት የነበረው መልቲፕላየር 1.92 ሆነ። የወርክሺቱ መልስ ግን ዛሬም አምስት ነው።

የባንኩ ገንዘብ ማባዣም እንዲሁ፤ መጠባበቂያው (ባንክ ከተቀማጩ ሳያበድር የሚያስቀረው) 10 በመቶ ከሆነ 1,000 ብር 10,000 ይሆናል ይባላል፤ ሰው ለእያንዳንዱ የባንክ ብር 30 ሳንቲም በኪሱ ከያዘ ግን ማባዣው 3.25 ነው። ለገበያ ቀን ኪሱ ባዶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ።

ይህ ሁሉ በ40 ደቂቃ ፔሬድ፣ ስም ጠርተህ ሰሌዳ አጥፍተህ 30 በምትቀርህ። እሱንም «ፖርሽን ወደ ኋላ ቀርቷል» ይሉሃል።

አሁን የሚዞረው ወርክሺት ላይ ያ የገበሬው ጥያቄ አለ። ለቤተሰቡ ያመረተው እህል ጂዲፒ ውስጥ ይካተታል ወይ? የመልስ ቁልፉ «ለ፦ አይካተትም» ይላል። የተከራከሩት ልጆች ትክክለኛውን ያውቁታል፣ ምክንያቱን ጭምር። ፈተናው ላይ ምን እንደሚያጠቁሩም ያውቃሉ። «ለ»ን።