ልጅቷን ማን መለሳት?

የባሕር ዳር ሶሻል ወርከሮች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። እኔም ከእናንተው ወገን ነኝና ለራሴም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ መናኸሪያ ውስጥ ስታለቅስ ተገኘች። ሊድሯት ቀን ተቆርጧል፤ ጠላው ተጠንስሷል። ከገጠር ጠፍታ ነው የመጣችው። ወደ አንድ ቢሮ ወሰዷት። የተቀበላት ባለሙያ ደግ ሰው ነው። ምሳ አበላት፣ ጫማ ገዛላት። ከዚያ ስልኩን አንስቶ አባቷ ጋ ደወለ። «ልጅዎ እኛ ጋ ናት፣ አይጨነቁ» አለ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች መጡ። እርቅ ወረደ ተባለ። ልጅቷ ተመለሰች። ሰርጉም በቀኑ ተደገሰ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ምንም አላልኩም።

ያ ሰው ክፋት የለበትም። ሕጉን ግን አያውቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው በእስራት ይቀጣል ይላል። ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት። እኛ የቤተሰብ ጠብ አስመስለን ሽማግሌ የምንጠራበት ጉዳይ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። ሽምግልናን እየናቅሁ አይደለም። ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞችን ሽማግሌ ያስታርቅ። የልጅን ገላ ግን ማንም አይሸመግልበትም።

ጠለፋም እንደዚያው ነው። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን ቀዳዳ ዘጋው። በኋላ ቢጋቡም ተጠያቂ ነው። እናንተ ግን ዛሬም «ከተጋቡማ ምን እናደርጋለን» ስትሉ እሰማለሁ። ሕጉ በአማርኛ ነው የተጻፈው። ለምን አታነቡትም? ሥልጠና ሲባል ስለ አበሉ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ርዕሱ የጠየቅነው መቼ ነው?

ከሁሉ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ገና ስትገባ «አባቴ እንዳይሰማ» ብላ ነበር። ባለሙያው ይህን ፋይሏ ላይ ጽፎታል። ጽፎ ሲያበቃ ነው የደወለው። የሰው ምስጢር እጃችን ሲገባ እንዲህ ይቀለናል። የተደፈረች ልጅ ታሪክ ቡና ላይ ይወራል። የጎዳና ልጆች ፎቶ ፊታቸው ሳይሸፈን ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ «ዛሬ ምሳ አበላን» ተብሎ። ባሕር ዳር ትንሽ ናት። ግሽ ዓባይ ሰፈር የተወራው ለማታ ቀበሌ 14 ይደርሳል። ፎቶው የተለጠፈው ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሥራ ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት ይቅደም ይላል። የእኛ ሪፖርት ይቅደም አይልም።

ጥር እየመጣ ነው። መናኸሪያ ለሚውሉት ሊስትሮዎችና ረዳቶች ስልካችሁን ስጡ። ብቻዋን ከአውቶቡስ የወረደች ልጅ ካዩ ይደውሉላችሁ። ስትመጣ አስቀምጧት፣ ውኃ ስጧት። የምትፈራው ማንን እንደሆነ ከራሷ አፍ ስሙ። ይህን ሳትሰሙ ስልክ አታንሱ።