ይድረስ ለክቡር «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም»

በአሜሪካ በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ቀጥ ብለው ለሚቆሙት የተከበሩ ሰሌዳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወገኔ ዶላር ፍለጋ በረሃ አቋርጧል፣ ባሕር ተሻግሯል፣ የዲቪ ዕጣ እስኪወጣለት ዓመት ቆጥሯል። እርስዎ ግን ዶላሩ በገዛ እግሩ በርዎ ድረስ ሲመጣልዎ «አልፈልግህም» ብለው ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ንቀት በመናኝ ብቻ ነበር የማውቀው። ልዩነቱ፣ መናኝ ገንዘቡንም ክፍያውንም ይተዋል፤ እርስዎ የተዉት ገንዘቡን ብቻ ነው።

ለመሆኑ የናቁትን ወረቀት ገልብጠው አይተውት ያውቃሉ? ከአምስት ዶላሩ ጀርባ የሊንከን መታሰቢያ ቆሟል። ከመቶው ጀርባ የፊላደልፊያው የነጻነት አዳራሽ አለ። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ይህ አልበቃ ብሎ የአገሪቱ ሳንቲም ማምረቻ ከ2010 እስከ 2021 ድረስ ከየግዛቱ አንዳንድ ፓርክ ወይም ታሪካዊ ሥፍራ እየመረጠ በሃያ አምስት ሳንቲሙ ላይ ሲቀርጽ ኖረ፤ በጠቅላላው 56 ዓይነት። ፓርኩን ሳንቲሙ ላይ ማስገባት ተችሏል፤ ሳንቲሙን ፓርኩ ውስጥ ማስገባት ግን አልተቻለም።

በኖቱ ፊት ላይ ደግሞ ለመንግሥትም ሆነ ለግል ዕዳ ሁሉ ሕጋዊ መክፈያ መሆኑ ታትሟል። ፊደሉ ደቃቃ ስለሆነ ከቆሙበት አይታይዎትም ይሆናል። በ2024 ጥቂት ጎብኚዎች ይህንኑ ነገር ይዘው ፍርድ ቤት ሄደዋል። ከአቤቱታቸው የወደድኩት፣ ካርድ የሌለው ጎብኚ ሱቅ ሄዶ የስጦታ ካርድ እንዲገዛ ተመክሯል የሚለውን ነው። ሱቁ ካርዱን የሚሸጥለት በምን ሆነና? በዚያው እርስዎ በመለሱት ገንዘብ!

ምክንያት የለዎትም አልልም። ዴዝ ቫሊ የተባለው ብሔራዊ ፓርክ በ2023 ጥሬ ገንዘብ መቀበል ሲያቆም ሒሳቡን በግልጽ አሳይቷል፦ በቀደመው ዓመት በጥሬው የሰበሰበው 22,000 ዶላር፤ ያንን ለማስቆጠርና በብረት ለበስ መኪና ለማስጫን የወጣው ከ40,000 ዶላር በላይ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ወገኖቻችን ኑሮን የጀመሩት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት ስለሆነ፣ ሳንቲም መቁጠር ስንት ሰዓት እንደሚበላ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ግን ካርዱስ በነጻ ይሠራል እንዴ? ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ባንኩና የካርድ ድርጅቱ ድርሻቸውን ቆንጥረው ይወስዳሉ። የእነርሱ መኪና በበሩ ስለማያልፍ አይታይም እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልግባ። ባለፈው ሐምሌ አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። የያዙት ዶላር ያልታጠፈ፣ የብዕር ነጥብ ያላረፈበት ነው፤ ላረጀ ኖት መንዛሪ ፊቱን እንደሚያዞር ስለሚያውቁ መርጠው ነው የያዙት። አንድ ቅዳሜ ጀበናውንም እንጀራውንም ጭነን ወደ አንድ ፓርክ ወሰድናቸው። በሩ ላይ ስንደርስ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተዘረጋ። «እኔ አለሁ! ማንም ኪሱን እንዳይነካ!» ከዚህ በኋላ የሚከተለው በእኛ ደንብ የታወቀ ነው። እኛ «በፍጹም አይሆንም» እንላለን፣ እርሳቸው «በሞቴ» ይላሉ፣ እጅ ለእጅ እንያያዛለን፣ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ጥሩንባውን ይነፋል፣ በመጨረሻም ታላቅ ያሸንፋል። እርስዎ ግን ሙግቱን ሳይጀመር ዘጉት። በሩ ላይ የነበረው ወጣት ሃያ ዶላሩን በትሕትና መለሰላቸው። አክስቴ ኖቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው መረመሩት፤ ሐሰተኛ የተባለ መስሏቸው ነው። የአገር ቤት የባንክ ካርዳቸው እዚህ አይሠራም። እኔ የራሴን አስነካሁ፤ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ አለቀ። ማንም ማንንም አልለመነም፣ በማንም ሞት አልተማለም። የቤቱ ታላቅ ቀኑን ሙሉ የልጆች ጥገኛ ሆነው ዋሉ።

ደግሞ እንግዳ ብቻ አይምሰልዎ። በ2023 በተካሄደው የፌደራል ጥናት መሠረት 5.6 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ቤተሰቦች የባንክ ሒሳብ አልነበራቸውም። ተራራው የእነርሱም ነው። በፊላደልፊያ ከ2019 ጀምሮ ተራ ሱቅ እንኳን ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም እንዳይል በሕግ ታግዷል፤ በማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ። ባለሱቁ የተገደደበትን፣ የሕዝብ ፓርክ በፈቃዱ ቢያደርገው ምን ይጎድልበታል?

ሰው ቅጠሩልኝ አላልኩም፤ ብረት ለበስ መኪናም አልጠየቅኩም። በየጫካው ቆሞ የነበረውን ያንን የብረት ሣጥን መልሱልን። ጎብኚው ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አሽጎ፣ የታርጋ ቁጥሩን ጽፎ በቀዳዳው ይከትና ይገባ ነበር። ጠባቂም፣ ኔትዎርክም፣ የይለፍ ቃልም አልነበረውም። አክስቴ የመኪናውን ታርጋ ያነቡልኛል፤ ፖስታውን ማን ያሽግ በሚለው እንደሆነ እዚያው እንጣላለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ካርድ ያለው፣ ነገር ግን መጋበዝ ያማረው

ግልባጭ፦
ለአብርሃም ሊንከን፣ አምስት ዶላር ላይ
ለአክስቴ (ደረሰኙ በኢሜይል ይላካል ተብሏል፤ ኢሜይል የላቸውም)