ጳጉሜን የማያውቅ አለቃ

ሥራ ለቀቅኩ ስላቸው አጎቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ «አባረሩህ?» ብለው ነው። አይ፣ በራሴ ነው አልኳቸው። «ደመወዝ ቀነሱብህ?» ጭራሽ ጨምረውልኛል። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ ጥጋብ ነዋ!» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

ጥጋብ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። እስቲ እዚህ ልሞክር።

የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን፣ ዘጠኝ ሆነን የደመወዝና የሒሳብ ሶፍትዌር እንሠራለን። ደንበኞቻችን ብሎኬት ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤት፣ የግል ትምህርት ቤት ናቸው። የምንኮራበት ነገር አንድ ነበር፤ ሲስተማችን ከመነሻው በአሥራ ሦስት ወር የተሠራ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የወር ደመወዝተኛ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈለዋል፤ የጳጉሜን የለውም። የቀን ሠራተኛ ግን ጳጉሜንም ይሠራል፣ ይከፈለዋል። ጳጉሜን ደግሞ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ስድስት ትሆናለች። ይቺን የጳጉሜን ክፍል የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ፈጅታብኛለች። ልጆቹ «የጳጉሜን አባት» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ተሸጥን። የገዛን የውጭ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። በሸጠን ሰው አልፈርድም። ዕዳ ነበረበት፤ የራሱን ደመወዝ ትቶ የእኛን የከፈለበትን ወር አውቃለሁ። እኛም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። አዲስ ላፕቶፕ መጣ፣ ኢንሹራንስ መጣ፣ ጭማሪ መጣ። ሕጉም ቢሆን ከጎናችን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት ስለተላለፈ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም። የእኛም አልተቋረጠም። ያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ቀጠልን።

በፊት ስልክ ሲጠራ ቅርብ ያለ ሰው ያነሣ ነበር። አሁን ደንበኛ ቲኬት መክፈት አለበት፤ ችግሩን በጽሑፍ አስመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል ማለት ነው። በፊት አንድ ነገር ካልጣመን «ይኼ አይሆንም» እንባባላለን፣ እንጨቃጨቃለን፣ ምሳ በልተን እንወስናለን። አሁን ሚቲንግ አለ። በአንዱ ሚቲንግ ላይ «ለሁሉም አገር አንድ ካላንደር» ተባለና የእኔ ጳጉሜን ወጥታ የእነሱ ገባ። የኢትዮጵያውን በኋላ እንጨምረዋለን አሉ። ደመወዝ ይበላሻል ብዬ ተናገርኩ። «ጥሩ ነጥብ ነው» ተባልኩ። እዚያ ቤት «ጥሩ ነጥብ ነው» ማለት «በቃ፣ ተዘግቷል» ማለት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜን 6፣ ሰኞ ጠዋት፣ የብሎኬት ፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ በግል ስልኬ ደወሉ። አርባ የቀን ሠራተኛ አለባቸው፣ ማግስቱ ዕንቁጣጣሽ ነው፣ ሲስተሙ ግን እንዲህ የሚባል ቀን የለም ይላል።

«ልጄ፣ ሰዎቹ በር ላይ ቆመውብኛል፤ ዶሮ የሚገዙበትን እየጠበቁ ነው» አሉኝ።

እኔም የታዘዝኩትን አልኩ። «እትዬ፣ ቲኬት ይክፈቱ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛሉ።»

«የምን ቲኬት? የአውቶቡስ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ ካፌ ተቀመጥኩና የአርባውን ሰው ሒሳብ በኤክሴል ሠርቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። የገዛ ሥራዬን ተደብቄ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

አጎቴ የማያውቁት አንድ ሰውዬ አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲስማማ እዚያ የሚሠሩት 55 ሰዎች ገደማ ነበሩ። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ ብራያን አክተን ለባልደረባው ለጃን ኩም የጻፈለት ወረቀት የኩም ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ማስታወቂያ የለም፣ ጌም የለም፣ ብልጣብልጥነት የለም የሚል። አክተን በ2017 ለቀቀ። ጠቡ በማስታወቂያ ጉዳይ ነበር። አንድ ዓመት ገደማ ቢታገስ የሚደርሰውን ወደ 850 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት አክሲዮን ትቶ ነው የሄደው። አጎቴ ለዚህኛው ምን እንደሚሉት እንጃ! በዓመቱ 50 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ሲግናል በሚባለው መልእክት መላኪያ ላይ ሌላ ሥራ ጀመረ። ኩምም በ2018 ተከተለው። ዋትስአፕ ውስጥ ማስታወቂያ መግባት የጀመረው በ2025 ነው። አክተን ከወጣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው።

እኔን የሚያስቀናኝ ይኼ ነው። ገንዘቡን መተዉ አይደለም፤ ሀብታም ነው፣ ይችላል። ነገሩ ሳይበላሽ ሽታው ደርሶት መውጣቱ ነው። እኔ አርባ ሰው በር ላይ እስኪቆም ጠበቅኩ። የጠበቅኩትም ሁለት ዓመት ለሚቆይ ሰው ቦነስ ስላለ ነው። ስሙ «የመቆያ ቦነስ» ነው። የመሥሪያ አይልም፤ የመቆያ። ቢያንስ እዚህ ላይ አልዋሹም።

ልጅና የቤት ኪራይ ያለበት ይቆይ፤ አልወቅሰውም። ግን ሥራውን ይወድ የነበረን ሰው «ታገስ፣ ይለመዳል» ማለት ምክር አይመስለኝም። መልመዱ ነው ክፉው። «ቲኬት ይክፈቱ» ማለት ለእኔ በሦስተኛው ሳምንት ቀሎኝ ነበር።

ሕጉ እንደሚለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ። በሠላሳው ቀን ውስጥ ስለ ጳጉሜን አሥራ አንድ ገጽ ማስረከቢያ ጻፍኩ፤ የትኛው ዓመት ስድስት እንደምትሆን፣ ማን እንደሚከፈለው፣ ማን እንደማይከፈለው። ማን ከፍቶ እንዳየው ፋይሉ ያሳያል። እስከወጣሁበት ቀን ከእኔ ሌላ ማንም አልከፈተውም።

ቀጣይዋ ባለ ስድስት ቀን ጳጉሜን የ2019 ዓ.ም. ናት። እትዬ ቁጥሬን ይዘውታል። አልቀየርኩትም።