ለ«በቅርብ ቀን» ምስጋና ይድረሰው

ፊልም ሠርቶ ማሳየትማ ማንም ይችላል። ከባዱ ሳያሳዩ ማስጨብጨብ ነው። «ቀጣዩ ክፍል በቅርብ ቀን» ብሎ ለጥፎ፣ በዚያች መስመር ዓመታትን መኖር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ዛሬ ላመሰግን የተነሳሁት ይህን ጥበብ ነው። ደግሞም ጭብጨባውን አንድም ቀን ያላጓደልነውን እኛን ተመልካቾችን።

የጥበቡ አውራ ማድ ማክስ ነው። ለማታውቁት፣ ሥርዓት በፈረሰበትና ነዳጅና ውሃ እንደ ወርቅ በሚታይበት ዓለም ሰዎች በመኪና የሚተላለቁበት የአውስትራሊያ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ሐኪም ነበር። የመጀመሪያው በ1979 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ሁለተኛው በ1981፣ ሦስተኛው በ1985። እስቲ ችኮላውን እዩልኝ! በስድስት ዓመት ሦስት ፊልም። ምን አባረረው? ደግነቱ ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰከነ። አራተኛው፣ ፊውሪ ሮድ፣ የወጣው በ2015 ነው።

ሠላሳ ዓመት። ሦስተኛው ሲታይ የተወለደ ልጅ አራተኛውን ሊያይ የሄደው የራሱን ልጅ ሞግዚት ላይ ጥሎ ነው።

ተራ ሰው ሲያረፍድ «ታክሲ አጣሁ» ይላል። የማድ ማክስ ምክንያት ግን ደረጃውን የጠበቀ ነው። በ2001 የሦስቱን ፊልሞች መሪ ተዋናይ ሜል ጊብሰንን ይዘው ሊቀርጹ ሲሰናዱ የመስከረም 11 ጥቃት ደረሰ። የአሜሪካ ዶላር በአውስትራሊያ ዶላር ፊት ወደቀ፤ በጀቱ ተናጋ። ወደ ናሚቢያ እንሂድ ሲባል ደግሞ የኢራቅ ጦርነት መጣና ጉዞውም ጭነቱም ተወሳሰበ። ከዚህ በኋላ ዶላርና ጦርነት ሳይጠራ «አረፈድኩ» የሚል ሰው ትንሽ ሊያፍር ይገባል።

ሚለር ታዲያ በዚህ መሃል ምን ሠራ? የሚጨፍሩ ፔንግዊኖች። እውነቴን ነው። እኛ አሸዋና ደም ስንጠብቅ በ2006 በካርቱን ፊልም በረዶ ላይ የሚደንሱ ወፎች መጡልን፤ ኦስካርም ወሰዱ።

ሁሉንም የሚያስከነዳው ግን ዝናቡ ነው። ብሮክን ሂል የሚባል ደረቅ የአውስትራሊያ አገር አለ። ሁለተኛው ፊልም እዚያ ነበር የተቀረጸው፤ አራተኛውም እዚያው ይሁን ተባለ። መኪናዎቹ ተሠሩ፣ ሁሉ ነገር ተሰናዳ። ከዚያ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። ቀዩ መሬት አረንጓዴ ለበሰ፤ አበባ ፈካበት። ውሃ ስለተጠማ ዓለም የሚያወራ ፊልም ውሃ በዛበት ተብሎ ተራዘመ! መኪናው ሁሉ መርከብ ላይ ተጭኖ ናሚቢያ ድረስ ሄደና በ2012 ተቀረጸ። ጊብሰን በዚህ ጊዜ ቦታውን ለቶም ሃርዲ ለቋል። የመጀመሪያው ፊልም ሲወጣ ሃርዲ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ አይደል? ተዋናዩ እስኪያድግ መጠበቅ!

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙ አሪፍ ሆነ። ስድስት ኦስካር ወሰደ። ቢበላሽ ኖሮ እኮ ዓለም መፍጠን ይማር ነበር። አሁን ግን የዘገየ ሁሉ በማድ ማክስ ይምላል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይልሃል። ሚለር በዚያ ሁሉ ዓመት ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በ3,500 ያህል ሥዕል አሥሎ እንደነበር ማንም አያነሳም። አርታኢዋ ማርጋሬት ሲክስል ፊት ወደ 480 ሰዓት የሚጠጋ ቀረጻ እንደተከመረም እንዲሁ። ሳይተኙ ቢያዩት ሃያ ቀንና ሃያ ሌሊት ነው። ተዉት፣ የሥራ ወሬ ጨዋታ ያበላሻል።

ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ምስጋናው የሚገባው ለእኛ ነውና። ከ2015 በኋላ «ቀጣዩስ የት ደረሰ?» እያልን ዘጠኝ ዓመት ጮኽን። በመሃሉ ፊልም ሠሪዎቹና ስቱዲዮው በጉርሻ ገንዘብ ተካሰሱ። እኛ ግን አልሰለቸንም። ማን ይተውን፣ ፀጉሩ ምን ይምሰል፣ መኪናው ስንት ጎማ ይኑረው እያልን ባልተሠራ ፊልም ተጣላን፤ ባላየነው ነገር ተኳረፍን። በመጨረሻ በ2024 ፉሪዮሳ መጣ። ቀጣዩን ብለን የቀደመውን ታሪክ ነው ያመጡልን፤ እሱ ይሁን። ጽሑፉ ፊውሪ ሮድ ሳይቀረጽ በፊት የተጻፈ ነበር፤ እሱም ይሁን።

እኛስ ምን አደረግን? ብዙዎቻችን ሳንሄድ ቀረን። 168 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በዓለም ሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው ከ170 ሚሊዮን እምብዛም አይዘልም። ይህን ሐሜት አታድርጉት። ሰው የወደደው መጠበቁን ነበር። እነሱ ጨርሰው በማምጣት አበላሹብን እንጂ።

ደግነቱ አሁን «ዘ ዌስትላንድ» የሚባል ሌላ ክፍል አለ። አለ ስል፣ ስሙ አለ። ሲነሳ ሲወድቅ ዓመታት አልፈዋል። ሚለር በ2025 80 ዓመት ሞላው። እኛም እጃችንን አሟሙቀን ጭብጨባውን ጀምረናል።

አንድ ወዳጄ ይህን ትምህርት ጥንቅቅ አድርጎ ይዞታል። ፊልም አለው። ፖስተሩ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ታች ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል አለበት። በለጠፈው ቁጥር «ጀግና!»፣ «በጉጉት እንጠብቃለን!» ይጎርፍለታል። እኔም ልብ ሳልጭንለት አልፌ አላውቅም። ባለፈው ደወልኩለት።

«ስማ፣ ፊልሙ የት ደረሰ?»

«ማድ ማክስ ስንት ዓመት ፈጀ?»

«ሠላሳ።»

«ታዲያ እኔን ምን ያጣድፈኛል? ለማንኛውም ክረምቱ ይውጣ። በዚህ ዝናብ ቀረጻ አይሞከርም» አለኝ።

ስክሪፕቱን አንብቤዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳሎን ውስጥ ነው።