የማርስ አጃቢዎች

በዚህ ሳምንት አንዲት የግቢያችን እትዬ ማርስ ላይ ስለተመደቡበት ሥራ ቅሬታ አቀረቡልኝ። የሳይንስ ልብ ወለዴን ረቂቅ በኮምፒውተር የምትተይብልኝ ልጃቸው፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ጮክ ብላ ታነብላቸው ኖሯል። ወይዘሮ አመለወርቅ የምትባለው የማርስ ሰፈር የውሃ ኃላፊ በሦስተኛው ምዕራፍ ብቅ ስትል፣ እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ይቺማ እኔ ነኝ» አሉ። የግቢያችንን ሮቶ ቁልፍ የያዙት እርሳቸው ናቸው፤ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ማን ስንት ጀሪካን እንደቀዳ ያለ ወረቀትና ያለ እስክሪብቶ የሚያስታውሱትም እርሳቸው ናቸው።

ቆጣቢ ተደርገው መሳላቸው ቅንጣት አልከፋቸውም፤ ማርስን በሚያህል ምድረ በዳ ውሃ የሚጠብቅ ሰው እጁ ጠበቅ ቢል ተገቢ ነው ብለዋል። ያስከፋቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ለሰፈሩ የምታድለው ውሃ ከላብና ከሽንት ተጣርቶ የተገኘ መሆኑ ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳልሆነ፣ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚኖሩ ጠፈርተኞች ከዓመታት ጀምሮ እንዲህ ያለውን ውሃ እንደሚጠጡ፣ ናሳም እ.ኤ.አ. በ2023 ከውሃው 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት እንደተቻለ ማስታወቁን ላስረዳቸው ሞከርሁ። «እነሱ ይጠጡ! እኔ ግን ለጎረቤት ሽንት አጠጣች ተብዬ በመጽሐፍ አልወጣም» አሉኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ቅሬታ አስከተሉ፤ «ደግሞስ ለምን ገደልከኝ? ያ ዶክተርህ እንዲያለቅስ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአምስተኛው ምዕራፍ የውሃው ታንከር ሲፈነዳ ወይዘሮ አመለወርቅ ትሞታለች፤ ዋናው ገጸ ባሕሪዬ ዶክተር ናሆም ደግሞ በዚያ ሐዘን ተነሣስቶ ሰፈሩን ከጥፋት ያድናል። ይህን አሟሟት ያነበቡ የተማሩ ወዳጆቼ ሁሉ «ልብ የሚነካ» ብለው ነበር ያለፉት። እትዬ ግን ልብ ያሉት የማን ልብ እንደተነካና የማን ሕይወት እንደጠፋ ነው።

ሰው ልብ ወለድ ሲያነብ ራሱን ወይም ጎረቤቱን ካልፈለገ ያነበበ አይመስለውም። የሥራ ባልደረባዬ የጠፈር መርከቧ ኮምፒውተር እርሱ መሆኑን አጥብቆ ያምናል፤ ማስረጃው ኮምፒውተሩ ለተጠየቀው ሁሉ «ይህ ከተሰጠኝ ሥልጣን በላይ ነው» ብሎ መመለሱ ነው። አንድ ዘመዴ በበኩሉ ኢትዮጵያዊ ማርስ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ሞገተኝ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መምጠቋን፣ የማርስን ጠባይ ለመረዳት የሚሹ ሳይንቲስቶችም በዳሎል ሙቀትና አሲድ ውስጥ ምርምር ማድረጋቸውን ብነግረው፣ ጥቂት ካሰበ በኋላ «እሱስ ይሁን፤ ግን ዶክተር ናሆም እኔን አይመስልም?» አለኝ። በረቂቁ ውስጥ ስሟ ሳይጠቀስ መተላለፊያውን የምትወለውል የጽዳት ሠራተኛ አለች። እስከ ዛሬ ድረስ እርሷን ነኝ ብሎ የመጣ አንባቢ አላጋጠመኝም።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሌሎቹ ተረቶቻችን ትዕግሥትንና ዝምታን ሲያመሰግኑ፣ ይህኛው ሹመት የሚደርሰው አፉን ለከፈተ ሰው እንደሆነ ያለ አንዳች ይሉኝታ ይናገራል። በልብ ወለድ ዓለምም የሚሠራ ሕግ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ነው፤ ሆኖም መጽሐፉን ያነበበ፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው ከሁለቱ ፍቅረኞች እኩል፣ አንዳንዴም አስቀድሞ የሚያነሣው ጉዱ ካሣን ነው። ጉዱ ካሣ በታሪኩ አወቃቀር አጃቢ ነው፤ ነገር ግን ከአገሩ ሥርዓት ጋር የራሱ ጠብ አለው። ሁለቱ ባይፋቀሩም እርሱ መናገሩን አይተውም ነበር። እብድ እያሉት ተናገረ፤ ደጃዝማችነቱንም ከአንባቢ እጅ ተቀበለ።

ፈረንጆቹም ዘንድ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 መታየት በጀመረው «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ፣ ኒሼል ኒኮልስ የተባለች ጥቁር ተዋናይት ኡሁራ የምትባለውን የመገናኛ መኮንን ሆና ትጫወት ነበር። ሥራዋ በአብዛኛው ጆሮዋ ላይ መሣሪያ ሰክታ ጥሪ መቀበልና መስመሩ ክፍት መሆኑን ለካፒቴኑ መንገር ነበር፤ በእኛ አነጋገር ቴሌፎኒስት ናት። ተዋናይቷ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ስትል፣ ራሷ ደጋግማ እንደተረከችው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት በፍጹም እንዳትለቅ መከሯት። ቆየች፤ በኋላም ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት ሲመለምል አገዘች። እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜይ ጀሚሰንም ተረኛ በሆነች ቁጥር ሥራዋን የምትጀምረው በዚያችው የኡሁራ ንግግር ነበር። እንግዲህ አንድ አጃቢ ገጸ ባሕሪ እውነተኛ ሰው ወደ ጠፈር ስትልክ፣ የራሷ የመጠሪያ ስም በኋላ በወጣ የስታር ትሬክ ፊልም ላይ ተጠርቶ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2009 መሆኑን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ከአርባ ዓመት በላይ በአባት ስም ብቻ! በተከታታዩ ፊልም ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ካፒቴኑን ተከትሎ ወደማይታወቅ ፕላኔት የሚወርድ ተራ ሠራተኛማ ስም ቀርቶ ዕድሜም አይሰጠውም ነበር፤ ቀይ ሸሚዝ መልበስ እስከ ዛሬ በአሜሪካኖች ዘንድ የቀልድ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ዝም ያለውስ? ጠፈርተኛውን ማይክል ኮሊንስን ይመልከቱ። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሁለቱ ጓደኞቹ ጨረቃ ላይ ሲራመዱ፣ እርሱ የሚመለሱባትን መርከብ ይዞ ብቻውን ጨረቃን ይዞር ነበር። በየዙሩ ከጨረቃ ጀርባ ሲገባ ለ48 ደቂቃ ያህል ከምድርም ከጓደኞቹም ጋር የሬዲዮ ግንኙነቱ ይቋረጣል። እርሱ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ጀግኖች ወደ ቤታቸው መመለሻ አልነበራቸውም። ዛሬ በየትኛውም ሻይ ቤት ገብተው ጨረቃ ላይ ማን ወጣ ብለው ቢጠይቁ ግን አርምስትሮንግ ይባላሉ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ኦልድሪንም ይነሣል። ሦስተኛውን ስም ለጠራልኝ ሰው የሻዩን ሒሳብ እከፍላለሁ።

ስለ ኮሊንስ ሳስብ ሁልጊዜ የሚቀሰቀስብኝ አንድ የቆየ ቂም አለ። አንድ ወዳጄ ሲያገባ ሚዜ ነበርሁ፤ አንደኛ ሚዜ ሳይሆን ከወደ መጨረሻ ሲቆጥሩ የሚገኘው። የተሰጠኝ ኃላፊነት ሽቶ መርጨት ነው። የሙሽራዋ እህቶችና የአክስት ልጆች በሩን ይዘው አናስገባም እያሉ ሲዘፍኑ፣ ፊት ተሰልፎ መንገድ የሚያስከፍተው ሽቶ ረጪው መሆኑን ሠርግ የሄደ ሁሉ ያውቃል። እኔም ጣቴ እስኪደነዝዝ ረጨሁ። ዓይኗ ውስጥ የገባባት አንዲት ዘመድ ሰደበችኝ፤ ያንንም ችዬ ረጨሁ፤ በሩ ተከፈተ። ቪዲዮው ሲደርስ የእኔ ድርሻ ከግራ በኩል ብቅ የሚል አንድ እጅና አንድ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ፤ ቪዲዮ አንሺው ከክርኔ ላይ ቆርጦኛል። ከረባቱን ከማስተካከል በቀር ምንም ያልሠራው አንደኛ ሚዜ ግን ከእግር እስከ ራሱ፣ ያውም በዝግታ፣ ያውም በሙዚቃ ታጅቦ ይታያል። ያን ባለሙያ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ወደፊትም አይረዝምም። የማን እጅ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ከክርን ላይ የሚቆርጥ ሰው፣ ካሜራውን ትቶ ብዕር ቢይዝ በአምስተኛው ምዕራፍ ላይ ታንከር ያፈነዳ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ለመስማት ብቻ የሚፈጠረው አጃቢ ነው። ጌትነት የሚባል ረዳት በረቂቁ አለ፤ ማርስ ላይ 15 ዓመት ኖሯል። ዶክተር ናሆም ወደ እርሱ ዞሮ «እንደምታውቀው፣ ጌትነት፣ የማርስ የስበት ኃይል የምድርን 38 በመቶ ያህል ብቻ ነው» ይለዋል። ጌትነትም ከ15 ዓመት በኋላ ዓይኑን አፍጥጦ «ዶክተር፣ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ይላል። ይህ በሽታ ከደራሲያን የመጣ አይመስለኝም፤ ከስብሰባ አዳራሾቻችን የተጋባብን ነው። ንግግሩን «እንደሚታወቀው» ብሎ የማይጀምር ኃላፊ አይቼ አላውቅም። ከታወቀ ስለ ምን ሰበሰባችሁን? ሥራ የበዛበትን ሰው ከጠረጴዛው አስነሥቶ፣ የሚያውቀውን ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ ነግሮ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ካላችሁ ማለት ሰውን ግድግዳ አድርጎ መቁጠር ነው፤ ይህን የምለው በቀልድ አይደለም። ተሰብሳቢ ሁሉ የራሱ ጉዳይ አለው፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣ አለ፣ የዕቁብ ዕጣ የሚጠብቅ አለ። ተናጋሪው የሚያየው ግን የሚነቀነቅ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ጌትነትን ከግድግዳነት ያወጣው ሰላምታ ነው። የሬዲዮ መልእክት ከማርስ ወደ ምድር ለመድረስ፣ ፕላኔቶቹ እንዳላቸው ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ርቀቱ በሚበዛበት ወራት ጌትነት ደብረ ብርሃን ላሉት እናቱ «እንደምን አደሩ?» ቢል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተ እንደምን አደርክ?» የሚለው መልስ የሚደርሰው ከ44 ደቂቃ በኋላ ነው። እናቱ ደግሞ ሰላምታ አሳጥረው የሚያውቁ ሴት አይደሉም። ጤናውን፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ አብረውት ያሉትን ሰዎች ደኅንነት በየተራ ጠይቀው፣ የየአንዳንዱን መልስ ካልሰሙ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ስድስት ዙር ሰላምታ ከአራት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ጉዳዩም ቀላል አይደለም፤ ታላቅ ወንድሙ የአባታቸውን ቤት ሊሸጥ ነው፤ ጌትነት ግን ይህን ገና አልሰማም። በተከለሰው ምዕራፍ ዶክተሩ ስለ ስበት ኃይል ሲጀምርለት ረዳቱ በአራተኛው ዙር ላይ ነበር። ሰዓቱን አየ፤ «አውቃለሁ፣ ዶክተር» አለ፤ ወጣ። ይህን አረፍተ ነገር ከጻፍሁ በኋላ ምን እንደሚያስብ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀው ጀመር።

ምግብ አብሳይዋ በላይነሽም እንዲሁ በሒሳብ ነፍስ ዘራች። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ያህል ነው፤ ትርፉ እየተጠራቀመ ሄዶ በ36 ቀን አንድ ሙሉ የምድር ቀን ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ታዲያ የረቡዕ ጾም የሚያዘው በማን ረቡዕ ነው? በላይነሽ ግድግዳዋ ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ፣ የዱቄት እንቁላሉን ከማውጣቷ በፊት ሁለቱንም ታያለች፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሽሮ ትሠራለች። የሰፈሩ ጥበቃዎች ደግሞ ለ39ኙ ደቂቃ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጠይቃሉ። ስም አልሰጠኋቸውም፤ ጥያቄያቸው ይበቃቸዋል። ለእያንዳንዱ አላፊ አግዳሚ የአባት ስም፣ የልጅነት ቁስልና የጠፋች እጮኛ ስጥ የሚሉኝ መካሪዎች መተላለፊያውን ሰው ሞልቶት ማለፊያ ሲጠፋ ማንን ሊያስወጡልኝ ነው?

ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስና፣ ወይዘሮ አመለወርቅ ከእንግዲህ አትሞትም። ይህን ያደረግሁት እትዬ ስለተናገሩ እንዳይመስላችሁ፤ የታንከሩ ግፊት ሲሰላ ለፍንዳታ አልበቃ ስላለ ነው። አሁን መዝገብ ይዛ የእያንዳንዱን ሰው መታጠቢያ ትቆጥራለች፤ ዶክተር ናሆም ከድርሻው በላይ እንደሚያፈስም ደርሳበታለች። ሰው ራሱን በሰው መጽሐፍ ውስጥ ስለመፈለጉ ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ግን የቸገረኝ ዶክተሩ ነው። የሚያለቅስላት ሟች የለችውም፤ የሚያስረዳው ሰው የለውም፤ ውሃውም ተቆልፎበታል። በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ መተላለፊያው ውስጥ ቆሞ ጌትነት ከእናቱ ጋር እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ገና ሁለት ዙር ይቀራቸዋል።